ለድሮ የጣሊያን የውድድር ብስክሌት ዘመኑን የሚመጥን ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

የድሮ የጣሊያን ብስክሌት መልሶ መገጣጠም የሚጀምረው ዓመቱን ከመወሰን ነው። ብዙ ሰው ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አጽም) እጁ በገባ ማግስት፣ የታወቀውን የጣሊያን የብስክሌት ዕቃ አምራች የካምፓኞሎን የሚያብረቀርቅ ዕቃ ማሳደድ ይጀምራል። ከዚያ በ1972 ቴላዮ ላይ የ1985 ፍሬን ታስሮ ይገኛል። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ አንድ ላይ ግን አይሄዱም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምከተለው ደንብ ቀላል ነው። ዕቃው ከቴላዮው ሊቀድም ይችላል፣ በብዙ ዓመት ሊዘገይ ግን አይገባም። በ1974 አዲስ ቴላዮ የገዛ ተወዳዳሪ የድሮ ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው አዛውሮ ሊገጥም ይችል ነበር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላም አንዳንድ ነገር ይቀይራል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሠራ ዕቃ ግን ከየትም አያመጣም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ብስክሌት ይዘን እንሂድ፦ የ70ዎቹ አጋማሽ ኮልናጎ ሱፐር።

መጀመሪያ ቴላዮውን አንብቡ

ኤርኔስቶ ኮልናጎ ያቋቋመው የብስክሌት ፋብሪካ ሚላኖ አጠገብ ካምቢያጎ ውስጥ ነው። ታዋቂው የካርታ አበባ ምልክቱ የመጣው ተወዳዳሪው ሚኬሌ ዳንቼሊ በ1970 የሚላኖ–ሳንሬሞን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ካለ ብስክሌቱ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ቀለም ይቀባል፣ ተለጣፊ ይለጠፋል። ብረቱን እመኑ።

ብረቱ ላይ ምን ይታያል? የኋላ ፍሬን ካቦ ከላይኛው ቱቦ ጋር የተያዘው በተነቃይ ማቀፊያዎች ከሆነ ወደ 70ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ያዘነብላል። መያዣዎቹ ቱቦው ላይ ከተበየዱ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። የማርሽ ካቦዎቹን ደግሞ ታች፣ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ቤት ጋ ተመልከቱ። ከቤቱ በላይ ካለፉ 70ዎቹ ነው። ከሥሩ በፕላስቲክ መምሪያ ካለፉ 80ዎቹ ውስጥ ገብታችኋል። የፊት ሹካውን አውጥታችሁ የአንገቱን ውስጥ ካያችሁም ጥሩ ነው። የጣሊያኑ ቱቦ አምራች የኮሎምቡስ ጥሩ ቱቦ እዚያ ውስጥ የተጠማዘዘ የማጠናከሪያ መስመር አለው።

በመጨረሻ የኋላ ጎማ የሚገባበትን ስፋት በካሊፐር ለኩ። 120 ሚሊሜትር ከሆነ ለ5 ማርሽ፣ 126 ከሆነ ለ6 ወይም ለ7 ነው የተሠራው። ይህ አንድ ቁጥር የምትፈልጉትን ሞዞ (የጎማውን መሀል እምብርት) እና የኋላ ማርሽ ይወስንላችኋል።

ልክ ሳትይዙ አትግዙ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የጣሊያን ቴላዮ የፔዳል ቤት ስፋቱ 70 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የብሎን ጥርሱ 36 ሚሊሜትር በ24 (በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ነው። የእንግሊዙ 68 ሚሊሜትር ነው፤ አይገጥምም። የፔዳል ቤቱን ኩሽኔታ የሚይዙት የካምፓኞሎ ኩባያዎች ላይ «36x24» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ደግሞም በጣሊያን አሠራር ሁለቱም ወገን በቀኝ ዙር ነው የሚጠብቀው። በዚህ ምክንያት የቀኙ ኩባያ እየተነዳ መላላት ይወዳል። ስትገጥሙት ከልባችሁ አጥብቁት።

ከኮሎምቡስ ኤስ ኤል ቱቦ ለተሠራ ቴላዮ የመቀመጫው ዘንግ ብዙውን ጊዜ 27.2 ነው። ወፈር ባለው ኤስ ፒ ግን 27.0 ሊሆን ይችላል፤ ለኩ እንጂ አትገምቱ። መሪውና የመሪው አንገትም ወጥመድ አላቸው። የዚያ ዘመን የቺኔሊ መሪ መሀሉ 26.4 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሌሎቹ ብዙ ጊዜ 25.8 ወይም 26.0 ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። መንገድ ላይ ግን መሪው እጃችሁ ውስጥ ሊዞር ይችላል። የቺኔሊ አንገት ከቺኔሊ መሪ ጋር ብቻ ይሁን።

ማርሹና የፔዳል ክንዱ

ቱሊዮ ካምፓኞሎ ድርጅቱን ቪቼንዛ ላይ ያቋቋመው በ1933 ነው። ለእኛ ኮልናጎ የሚሆነው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ኑዎቮ ሪከርድ ነው። በ1967 ወጥቶ ለብዙ ዓመት ስለተሠራ ከ60ዎቹ መጨረሻ እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ ላለ ቴላዮ ሁሉ ያስኬዳል። ደስ የሚለው ነገር ዓመቱን ራሱ ይናገራል። በ70ዎቹ የተሠሩት ላይ «ፓተንት» ከሚለው ጽሑፍ ጎን የዓመቱ ሁለት አኃዞች ተቀርጸዋል፤ 74 ካለ 1974 ነው። የካምፓኞሎ ሞዞ የዳር ዳዶዎችም ላይ ብዙ ጊዜ እንዲሁ የዓመት ቁጥር ይገኛል። ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ሲላችሁ የነዚህን ቁጥሮች ፎቶ ጠይቁ። በ70ዎቹ አጋማሽ የመጣው ሱፐር ሪከርድም ለዚህ ቴላዮ አይበዛበትም፤ ግን ዋጋው ሌላ ነው። የቲታኒየም ዘንግ ያላቸው ክፍሎቹ ደግሞ ሊሰበሩ ስለሚችሉ ለሚነዳ ሰው አልመክርም።

የፔዳል ክንዱ ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ካምፓኞሎ እስከ 1967 ድረስ የፊት ጥርሱን የሚይዙትን ብሎኖች በ151 ሚሊሜትር ክብ ያስቀምጥ ነበር፤ ከዚያ ወደ 144 ወረደ። ለኛ ብስክሌት 144 ነው፤ የተለመደው ጥርስም 52 እና 42። ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ስንጥቅ። ክንዱን በደንብ አጥባችሁ፣ አምስቱ ጣቶች ከክንዱ ጋር የሚገናኙበትን ጥግ ከኋላ በኩል በባትሪና በማጉያ መነጽር መርምሩ። የዚህ ዘመን የካምፓኞሎ ክንድ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ፀጉር የምታህል መስመር ካያችሁ ለመነዳት አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ለኋላ ማርሽ ጥርሶች ሬጂና የተባለው የጣሊያን ምርት ተመራጭ ነው። የጣሊያን ተወዳዳሪ የሚነዳው እሱን ነበር።

ፍሬን፣ መቀመጫ፣ ጎማ

«ሁሉም ካምፓኞሎ ካልሆነ አይሆንም» የሚለውን አልቀበልም። የካምፓኞሎ ፍሬን የመጣው በ60ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ውድም ነበር። ከዚያ በኋላም ብዙ ጥሩ የጣሊያን ብስክሌት ከሱቅ የወጣው ዩኒቨርሳል በተባለው ሌላ የጣሊያን ኩባንያ ፍሬን ነው። አቅም ካላችሁ የካምፓኞሎውን ግዙ፤ ከሌላችሁ ዩኒቨርሳል ለዘመኑ ታማኝ ነው። በየትኛውም ቢሆን ካቦው ከፍሬን መጨበጫው አናት ወጥቶ በአየር ላይ መታጠፍ አለበት። ከመሪው ጥቅል ሥር መደበቅ የ80ዎቹ አጋማሽ ፋሽን ነው።

ለመቀመጫ የቺኔሊ ዩኒካኒቶር ወይም የእንግሊዙ ብሩክስ ፕሮፌሽናል ይሄዳሉ። የሳን ማርኮ ኮንኮርና የሴሌ ኢታሊያ ቱርቦ ያምራሉ፤ ግን ለዚህ ቴላዮ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ፔዳሉ ጫማን በብረት መያዣና በቆዳ ጠፍር የሚያስር ይሁን። ቸርኬው 36 ሽቦ ያለው ኒዚ ወይም ፊያሜ ቢሆን ደስ ይላል።

ብስክሌቱን ቶስካና ውስጥ በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በሚካሄደው ሌሮይካ በተባለው የድሮ ብስክሌቶች ጉዞ ላይ ለመንዳት ካሰባችሁ፣ ከ1997 ጀምሮ ያለው ይህ ዝግጅት የራሱ ደንብ አለው። ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ፣ የማርሽ መቀየሪያው ከታችኛው ቱቦ ላይ ያለ፣ ፔዳሉ ጠፍር ያለው፣ የፍሬን ካቦውም ከመሪው ውጭ የሚታይ መሆን አለበት። የእኛ ኮልናጎ ሁሉንም ያሟላል። ነገር ግን መንገዱ ጠጠርና ዳገት ነው። ኑዎቮ ሪከርድ ደግሞ ከ26 ጥርስ በላይ ሲሆን ይቸገራል። ከፊት 42፣ ከኋላ 26 አድርጉ።

የሚያልቀውን ነገር አዲስ ግዙ፦ ካቴና፣ ካቦ፣ የፍሬን ጎማ፣ የመሪ ጥቅል፣ ኩሽኔታ። በዘመኑም ቢሆን እነዚህ ይቀየሩ ነበር። የ50 ዓመት ጎማ ላይ ሕይወታችሁን አትጣሉ። የሚለጠፍ ጎማ ከመረጣችሁ መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ቸርኬው ላይ ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ሲላላ መግጠሙ ይቀላል። በማግስቱ ማጣበቂያውን ቸርኬውም ጎማውም ላይ ቀቡና እንዲይዝ ሌላ ሌሊት ስጡት። ከመንዳታችሁ በፊት ጎማውን በአውራ ጣት ወደ ጎን ግፉት፤ ከቸርኬው ከተላቀቀ እንደገና ይለጠፍ።