በድሬዳዋ ወጣት የአጭር ርቀት ሯጭን ማሰልጠን

የድሬዳዋ ሙቀት ጡንቻን ለማፍታታት ቢያግዝም ከረፋድ በኋላ ድካምን ስለሚያፋጥን፣ ልምምዱ ማለዳ መጀመር አለበት፤ ማፍታቻውን ከዚራ በተባለው የከተማዋ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ስር ማከናወን ይቻላል።

ጃማይካዊው የአጭር ርቀት ሯጭ ዩሴይን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2002 በ15 ዓመቱ በ200 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ከጉዳት ጋር ሮጦ በመጀመሪያው ዙር ስለተሰናበተ፣ አሰልጣኝ ታዳጊን በችኮላ ሊጭነው አይገባም። ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የደረሰው ከ60 ሜትር በኋላ ነበር። ስለዚህ ሯጩ በመጀመሪያዎቹ 30 ሜትሮች ወደፊት አዘንብሎ መሬቱን በኃይል እንዲገፋ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ቀና እንዲል ይሠልጥን።

በሙሉ ፍጥነት ከ30 እስከ 60 ሜትር አራት ወይም አምስት ጊዜ መሮጥ ለአንድ ማለዳ ይበቃል። ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል እረፍት ይሰጥ፤ እረፍትን ማሳጠር፣ በእኔ እይታ፣ ከረጅም ርቀት የተወረሰ ልማድ ሲሆን የሚያዳብረው ፍጥነትን ሳይሆን ጽናትን ነው።

ቦልት በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የ100 ሜትር ፍጻሜ ቀድሞ በመነሳቱ ከውድድር ስለተሰረዘ፣ አሰልጣኙ ከ«ተዘጋጅ» እስከ መነሻው ድምፅ ያለውን ጊዜ እያለዋወጠ ማለማመድ ይኖርበታል።