በሥራ ወራት ማረፍ፦ ለጅማ ክርስቲያኖች

በጅማና በአካባቢዋ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት «ይህ ሥራ ይለፍና ጸሎቴን አስተካክላለሁ» የማይል ክርስቲያን ጥቂት ነው፤ ለቀማው ሲያልፍ ግን የጥር ሰርግ፣ የልጆች ፈተናና ሌላ ሌላውም ይከተላል። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 34 ቁጥር 21 የሰንበትን ትእዛዝ ሲደግም ዕረፍቱ በእርሻና በአጨዳ ጊዜም እንዲጠበቅ ለይቶ የሚያዝዘው፣ እኔ እንደማምነው፣ ሰው ዕረፍቱን የሚሰርዘው ሥራ በበዛበት ወቅት ስለሆነ ነው። ስለዚህ የሳምንቱ ሥራ ሳይታቀድ አስቀድሞ የሚታረፍበት ቀን ይወሰን።

ቡና ይህን ውሳኔ በጽኑ ይፈትናል። ታጥቦ የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። በመሆኑም እሑድን ማረፍ የሚሻ ገበሬ ቅዳሜ የሚለቅመውን መጠን በዚያው ቀን ለመፈልፈያው ማስረከብ በሚችለው ልክ ይወስን። ለጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ እንዲደርቅ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ግን እሑድም ቢሆን መገላበጥ፣ ማታም ከጤዛ መሸፈን ይኖርበታል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 በሰንበት ቀን ጉድጓድ የገባ በሬውን የማያወጣ ማን እንደሆነ የጠየቀ በመሆኑ በዚህ ሕሊናን ማስጨነቅ አይገባም፤ ብቻ ቡናውን የሚያገላብጠው ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዳይሆን ተራ ይውጣለት።

የእሑድ ዕረፍት የሚሠራው ቅዳሜ ነው። እስራኤል በስድስተኛው ቀን የሁለት ቀን መና እንደሰበሰቡ ሁሉ እንጀራው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ልብሱ ታጥቦ፣ ውኃው በጀሪካን ተሞልቶ ቢያድር ቤተሰቡ በማግስቱ በጥድፊያ አይነሣም። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በብዙ ቤቶች አባወራው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጋቢውን ደርቦ ሲቀመጥ፣ እናትና የቤት ሠራተኛዋ ቡና ሲያፈሉ፣ እንግዳ ሲያስተናግዱና ዕቃ ሲያጥቡ ይውላሉ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 5 ሰንበት የተሰጠው አገልጋዮችም እንደ ቤቱ ጌታ እንዲያርፉ መሆኑን ይናገራል፤ ምክንያት አድርጎ የሚያስታውሰውም እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደነበረ ነው። እነርሱ ያላረፉበት ቤት ሰንበትን አክብሯል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ዕቃ ማጠቡን ወንዶች ልጆች ይረከቡ፤ ቡናውን ባልየው ያፍላ፤ የቤት ሠራተኛዋም ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ በኋላ እስከ ማታ ያለው ጊዜ የራሷ ይሁን፤ ሃይማኖቷ ሌላ ከሆነም ዕረፍቷ አይቀነስባት።

በሥራ ቀናት ደግሞ የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ራሱ ይረዳናል። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ከለየቻቸው ሰባት ጊዜያት ሦስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ናቸው፤ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት እንደነበረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ተጽፏል። በሄርማታ ገበያ የሚነግድም ሆነ ባጃጅ የሚያሽከረክር ሰው ከሦስቱ አንዱን መርጦ፣ ለምሳሌ በ6 ሰዓት ሥራውን አቁሞ፣ አቡነ ዘበሰማያትንና አንድ መዝሙረ ዳዊትን በዝግታ ይጸልይ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብሎ የሚሠጋ ካለ ዓርብ ቀትር ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ለጁምዓ የሚሄዱትን ሙስሊም ጎረቤቶቹን ይመልከት፤ ደንበኞቻቸው ሰዓቱን ስለሚያውቁ ተመልሰው ይመጣሉ።

በሆስፒታል ተረኛ የሆነች ነርስ እሑድን ልታርፍ ላትችል ትችላለች። ከአዳር ተረኝነት በኋላ ያለውን ቀን ለራሷ ትለየው፤ ያን ቀንም በእንቅልፍ ትጀምረው እንጂ ደክማ ለመጸለይ አትታገል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ሞቱን ለለመነው ለኤልያስ መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶና ጠጥቶም ተመልሶ ተኛ፣ የኮሬብ ጉዞው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለጸጥታ በተለየው ሰዓት ስልኩ ተዘግቶ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተደወለለት ሰው፣ የሰኞ ሥራ ሁሉ በሐሳብ ይመጣሉ፤ ከእነርሱ ጋር ከመሟገት በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል። ከዚያ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ከቁጥር 28 እስከ 30 ቀስ ተብሎ ይነበብ፣ ሸክሙም በስሙ እየተጠራ በክርስቶስ ፊት ይነገር።

በመጨረሻም በመዘምራን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በማኅበር የሚያገለግሉ ሰዎች እሑድን ከሌላው ቀን ይልቅ ደክመው የሚያመሹበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ አገልጋይ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ በወር አንድ እሑድ ተተኪ ይጠይቅ፣ በዚያም ቀን ምንም ኃላፊነት ሳይዝ ከምእመናን መካከል ቆሞ ያስቀድስ ወይም ያምልክ።