ሚረርለስ ወይስ ዲኤስኤልአር? ካሜራ ስንገዛ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ካሜራ ለመግዛት ብር ያጠራቀመ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምርጫ ይቀርብለታል። አንዱ ያገለገለ መካከለኛ ዲኤስኤልአር ነው፤ ካነን 80ዲ፣ ኒኮን ዲ7500 እና የመሳሰሉት። ሌላው ትንሽዬ ሚረርለስ ነው፤ ካነን ኤም50፣ ሶኒ ኤ6400፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣችው ካነን አር50። ሻጩ አንዱን ያሞግሳል፣ ጓደኛ ሌላውን። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሁሉም በያዘው ይምላል።

ሁለቱም ጥሩ ፎቶ ያነሳሉ። የሁሉም ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መጠን ነው። እንዲያውም 80ዲ፣ ኤም50 እና ኤ6400 ሦስቱም 24 ሜጋፒክስል አካባቢ ናቸው። ስለዚህ በሜጋፒክስል ማወዳደሩን ከአሁኑ ተዉት። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

«ዲኤስኤልአር አልቆለታል» ብሎ መሸሽ

ዲኤስኤልአር ውስጥ መስታወት አለ። ብርሃን በሌንሱ ይገባል፣ በመስታወቱ ይንጸባረቃል፣ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ፎቶ ስናነሳ መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሚረርለስ ይህ መስታወት የለውም። ሴንሰሩ ያየውን በቀጥታ በስክሪን ያሳየናል። ካሜራው ያነሰውም ለዚህ ነው።

ገበያው ወደ ሚረርለስ መሄዱ እውነት ነው። ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለውን ሚረርለስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። ካነንና ኒኮን አርና ዜድ የሚባሉትን የሚረርለስ መስመሮች በ2018 ጀመሩ። ከ2020 ወዲህ ግን ሁለቱም አንድም አዲስ የዲኤስኤልአር ሞዴል አላወጡም። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው አሮጌ ነገር ለምን እገዛለሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ሚረርለስ ሁሉ የወደፊት ዋስትና አለው ብሎ ማሰቡ ነው። ኤም50ን ውሰዱ። ቆንጆ ናት፣ ቀላል ናት፣ ለጀማሪ ትመቻለች። ነገር ግን ካነን የኤም መስመርን በ2023 ዘግቶታል። የእሷ ሌንሶች፣ ኢኤፍ-ኤም የሚባሉት፣ አዲሶቹ የአር ካሜራዎች ላይ አይገጥሙም። በአዳፕተርም (በማገናኛ ቀለበት) አይሆንም። ነገ ካሜራ ልቀይር ብትሉ ሌንሶቹንም አብራችሁ መሸጥ አለባችሁ።

ወደ «አሮጌው» 80ዲ እንምጣ። ኢኤፍ ሌንስ ከ1987 ጀምሮ ሲመረት የኖረ ነው። በዓለም ላይ ሞልቷል፣ ያገለገለም በቀላሉ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን በካነን አዳፕተር አዲሶቹ የአር ካሜራዎች ላይ ይገጥማል፤ አውቶ ፎከሱም ይሠራል። ዛሬ 80ዲ ገዝቶ ጥሩ ኢኤፍ ሌንስ የሰበሰበ ሰው ነገ አር6 ሲገዛ ሌንሱን ይዞት ይሄዳል። ኤም50 የግድ ከሆነችባችሁም ዋና ሌንሳችሁን ኢኤፍ አድርጋችሁ በአዳፕተር ተጠቀሙ። ያኔ የምትከስሩት ቦዲዋን (ያለ ሌንስ ካሜራዋን) ብቻ ነው።

ኒኮን ላይ ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ዲ7500 በውስጡ የፎከስ ሞተር ስላለው ድሮ የተሠሩትን ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በራሱ ፎከስ ያደርጋል። እነዚያኑ ሌንሶች ኤፍቲዜድ በተባለው የኒኮን አዳፕተር ዜድ ካሜራ ላይ ብትገጥሙ በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የምታደርጉት። የአባት ወይም የአጎት የድሮ ሌንስ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሳታጣሩ እንዳትገዙ።

ብሩን በሙሉ ቦዲው ላይ መጨረስ

ይህ ስህተት ከሁሉም ይበዛል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። ሰው ያለውን ብር አሟጦ አዲስ ቦዲ ይገዛል። ከዚያ አብሮት በመጣው 18-55 ሌንስ ለዓመታት ይሠራል። አመሻሽ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ መልስ ቤት ውስጥ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ወይም በአሸዋ የተረጨ ይመስላል። ጥፋቱ በካሜራው ይላከካል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ያ ሌንስ ወደ 55 ሚሊ ሜትር ሲቀርብ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)። ርካሹ የካነን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ይህ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ተጨማሪ ብርሃን ነው። አይኤስኦ (ብርሃን ሲያንስ የሚጨመረው፣ ሲበዛ አሸዋውን የሚያመጣው ቁጥር) 6400 ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ በዚህ ሌንስ ወደ 640 አካባቢ ማውረድ ትችላላችሁ። ማንኛውም የቦዲ ለውጥ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል አይሰጣችሁም። ሌንሱ ደግሞ 160 ግራም ብቻ ነው።

ስለዚህ ቦዲ ከመምረጣችሁ በፊት ሌንሱን ምረጡ። ሶኒ ለሌሎች ሌንስ አምራቾች በሩን ቀድሞ ስለከፈተ ለኤ6400 የሚሆን ብዙ አማራጭ አለ፤ የሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ለምሳሌ ለቤት ውስጥ በጣም ጥሩ ሌንስ ነው። ካነን ግን ሲግማና ታምሮን ለአር50 ዓይነቶቹ አውቶ ፎከስ ያለው ሌንስ እንዲሠሩ የፈቀደው በ2024 ነው። ያገለገለ ገበያ ላይ ገና ብዙ ላታገኙ ትችላላችሁ።

አብረዋችሁ የሚሠሩ ሰዎች ምን እንደያዙም ጠይቁ። ጓደኞቻችሁ ሁሉ ካነን ከያዙ እናንተም ካነን መያዛችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሌንስ ትዋዋሳላችሁ። የካሜራዎቹ ባትሪ አንድ ዓይነት ከሆነ ያለቀበት ከሌላው ይቀበላል። ይሄ በየትኛውም የካሜራ ግምገማ ላይ አይጻፍም፤ ሥራ ላይ ግን ቀን ያወጣል።

ነጩን ነጠላ መርሳት

ለእኔ በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። የውጭ ግምገማዎች ይህን አያነሱትም፤ ለእኛ ግን የየዕለት ጉዳይ ነው።

ጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ እኩለ ቀን ላይ ምን እንዳለ አስቡት። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የተሠራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ነው። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ይልና ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል፣ ዓይን አይታይም። አንዲት እናት በዓመት በዓል ለብሳ አጊጣ ፊቷ የጠፋበት ፎቶ ሲደርሳት ያሳዝናል።

በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት መስኮት) የምታዩት እውነተኛውን ትዕይንት ነው፣ ልክ በዓይናችሁ እንደምታዩት። ፎቶው ሊጨልም እንደሆነ አይነግራችሁም። የምታውቁት ካነሳችሁ በኋላ ስክሪኑን ስታዩ ነው። ሚረርለስ ግን ፎቶው ምን እንደሚመስል ሳታነሱ ያሳያችኋል። ፊቱ ከጨለመ ወዲያው ታያላችሁ፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ታነሳላችሁ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሥራችሁ በዓል፣ ሰርግና ክርስትና ከሆነ፣ ልምዳችሁም ገና ከሆነ፣ እኔ ወደ ሚረርለሱ አደላለሁ።

ይህ ማለት በዲኤስኤልአር አይሠራም ማለት አይደለም። ስፖት በሚባለው መለኪያ ፊቱን ብቻ ማስለካት ይቻላል። ከዚያ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ማየት ነው። ነጩ ከመጠን በላይ ነድዶ የጥበቡ ክር እንዳይጠፋ ደግሞ ትንሽ አጨልማችሁ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ፤ ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። የነደደ ነጭ ግን አይመለስም። ይህን የለመደ ሰው የዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር ያስደስተዋል። በጠራራ ፀሐይም ግልጽ ነው፣ ምስሉ አይዘገይም።

ሚረርለስ ይዛችሁ ስቱዲዮ ውስጥ በፍላሽ ስትሠሩ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ቪውፋይንደሩ ጥቁር ይሆናል። ፍላሹ ገና ስላልበራ ካሜራው ጨለማውን ነው የሚያሳያችሁ። ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖዠሩን በስክሪን የሚያሳየውን አማራጭ አጥፉት፤ ይስተካከላል።

ክብደትን ሱቅ ውስጥ መመዘን

80ዲ ከነባትሪው 730 ግራም ነው። ኤ6400 403 ግራም፣ ኤም50 ደግሞ 390 ግራም ገደማ። ሱቅ ውስጥ ትንሿን ስታነሱ ልባችሁ ይሰረቃል። ነገር ግን ካሜራ ብቻውን አይሠራም። 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመዝናል። ይህን ሌንስ ትንሽ ቦዲ ላይ ስትገጥሙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ታጣለች፤ ከሰዓታት በኋላ አንጓችሁ ይደክማል። የዲኤስኤልአር ትልቅ እጀታ እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታወቃል።

በተቃራኒው መንገድ ላይ፣ ጉዞ ላይ፣ ገበያ ውስጥ የምታነሱ ከሆነ ትንሿን ከትንሽ ሌንስ ጋር ያዙ። ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ሰውም አይሸሽም። የምትገዙትን ሌንስ ገጥማችሁ ያዙት፤ ባዶ ቦዲ ይዛችሁ አትወስኑ።

ስለ ባትሪ አለማሰብ

ሲፓ በሚባለው የካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ 80ዲ በአንድ ባትሪ 960 ፎቶ ያነሳል። ዲ7500 950። ኤ6400 በስክሪን 410፣ በቪውፋይንደር 360። ኤም50 235 ብቻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲኤስኤልአር በቪውፋይንደሩ ስታዩ ባትሪ አይበላም ማለት ይቻላል፤ መስታወትና መስኮት ነው። ሚረርለስ ግን እስከበራ ድረስ ሴንሰሩም ስክሪኑም ሥራ ላይ ናቸው።

ሰርግ ከማለዳ እስከ ማታ ነው። መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይሄዳል። ሚረርለስ ስትገዙ የሁለት ተጨማሪ ባትሪዎችን ዋጋ ከካሜራው ዋጋ ጋር ደምሩ። ኤ6400ን በመንገድ ላይ በፓወር ባንክ መሙላት ይቻላል። ኤም50 ግን በዩኤስቢ አትሞላም፤ ቻርጀሯ የግድ ነው። ርካሽ ስሙ የማይታወቅ ባትሪ ደግሞ እንዳትሞክሩ፤ ያብጥና ከካሜራው አልወጣም ይላል።

«ፎር ኬ አለው» በሚል ብቻ መግዛት

ኤም50 ፎር ኬ አላት። ግን ፎር ኬ ስታበሩ ምስሉ 1.6 ጊዜ ያህል ተቆርጦ ይጠባል፤ ጥሩው ዱዋል ፒክስል አውቶ ፎከስም አብሮ ይቀራል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቃለ መጠይቅ ልትቀርጹ ስትሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፋችሁም ሰውየው አይገባላችሁም። ዲ7500ም ፎር ኬ ላይ ይቆርጣል። 80ዲ ፎር ኬ የለውም፤ ነገር ግን በፉል ኤችዲ አውቶ ፎከሱ ለስላሳ ነው፣ የማይክም የሄድፎንም ቀዳዳ አለው። ድምፅን እየሰሙ መቅረጽ ለቃለ መጠይቅ ከፎር ኬ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዋና ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ ከእነዚህ ውስጥ ኤ6400 ይሻላል። ፎከሱ ፈጣን ነው፣ የቀረጻ ጊዜ ገደብ የለውም። የሄድፎን ቀዳዳና የቦዲ ማረጋጊያ ግን የለውም። በእጅ ይዛችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ወይም ጊምባል (ካሜራውን የሚያረጋጋ እጀታ) ያስፈልጋችኋል።

ድምፅ አልባውን ሹተር ሳይሞክሩ ማመን

ቅዳሴ ላይ የዲኤስኤልአር መስታወት ጓ ሲል ሰው ዞር ይላል። ድምፅ አልባ ሹተር (ለብርሃኑ የሚከፈትና የሚዘጋው ክፍል) ያላቸው ሚረርለሶች እዚህ ላይ ጨዋ ናቸው። ነገር ግን በኤልኢዲ መብራት ሥር በኤሌክትሮኒክ ሹተር ስታነሱ ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ሊሠራ ይችላል። የሚንቀሳቀስ ነገርም ሊጣመም ይችላል። ቦታው ላይ ቀድማችሁ ደርሳችሁ ሞክሩ። መስመሩ ከታየ የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ያገለገለ ሲገዙ መልኩን ብቻ ማየት

ጭረት የሌለው ካሜራ ውስጡ የደከመ ሊሆን ይችላል። ስንት ፎቶ እንዳነሳ አረጋግጡ። የ80ዲ ሹተር ለ100,000፣ የዲ7500 ደግሞ ለ150,000 ያህል ፎቶ ነው የታሰበው። የኒኮኑ ቁጥር ፎቶው ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ለካነን ለብቻው ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚላክላችሁ ሶኒ ከሆነ የተሠራው ለየትኛው ገበያ እንደሆነ ጠይቁ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ አይቀየርም።

አቧራ አጣሩ። ሌንሱን ወደ ኤፍ 16 ዝጉና ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ሚረርለስ ላይ ይህ ይበልጥ ይከሰታል፤ ሌንስ ሲፈታ ሴንሰሩን የሚጋርደው መስታወት የለም። በበጋ አቧራ ሌንስ መቀየር ካለባችሁ ካሜራውን አጥፍታችሁ አፉን ወደ ታች አድርጉት።

ዲኤስኤልአር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ዲኤስኤልአር በቪውፋይንደር ስታዩ ፎከስ የሚያደርገው በሌላ ሴንሰር ነው፤ ያ ሴንሰር በትንሹ ሊዛነፍ ይችላል። 50 ሚሊ ሜትሩን ኤፍ 1.8 ላይ አድርጉና አንድ ጽሑፍ በቪውፋይንደር አንሱ። ያንኑ ጽሑፍ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያያችሁ) ድገሙት። የላይቭ ቪዩው ጥርት ብሎ የቪውፋይንደሩ ከደበዘዘ ካሜራውና ሌንሱ አልተናበቡም። 80ዲም ዲ7500ም ይህን በሜኑ ማስተካከያ አላቸው፤ ሻጩ ካላወቀው ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ መነሻ ይሆናችኋል።