ከፊል ኢንዴክስ፦ የተለያየ ዓይነት መረጃ በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀመጥ

መጽሐፍ፣ ስልክና ጫማ በአንድ ሠንጠረዥ ተመዝግበዋል እንበል። ዓይነትና ዋጋ የጋራቸው ነው። የቀረው ይለያያል፤ መጽሐፍ የገጽ ብዛት አለው፣ ስልክ የባትሪ አቅም። የሚለያየውን ብዙዎቻችን አንድ የጄሰን (JSON፣ ስምና እሴት እየተጣመሩ የሚጻፉበት ቅርጽ) ዓምድ ውስጥ እንከተዋለን። ማስቀመጡ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ፍለጋው ነው።

በገጽ ብዛት ላይ ተራ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ረድፎችን ቶሎ እንዲያገኝ የሚረዳ ማውጫ) ቢሠራ፣ ገጽ የሌላቸው ስልኮችና ጫማዎችም ባዶ እሴት ይዘው ይገቡበታል። ከፊል ኢንዴክስ ግን የተሰጠውን ቅድመ ሁኔታ የሚያሟሉ ረድፎችን ብቻ ይይዛል። ከዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ፖስትግሬስ፣ ኤስኪውላይት (ከ3.8.0 ጀምሮ) እና ኤስኪውኤል ሰርቨር (ከ2008 እትም ጀምሮ) ይሠሩበታል። ማይኤስኪውኤል የለውም። እዚህ የማሳየው የፖስትግሬሱን ነው።

መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ይለዩ። ለማይጠየቅ ነገር ኢንዴክስ አይሥሩ።

ቀጥሎ ኢንዴክሱን የሚሠራውን ትእዛዝ በክሪኤት ኢንዴክስ (CREATE INDEX) ይጀምሩ። የገጽ ብዛቱን ከጄሰኑ አውጥተው ወደ ቁጥር ይቀይሩት። መጨረሻ ላይ በዌር (WHERE፣ ቅድመ ሁኔታው የሚጻፍበት ክፍል)፣ ዓይነቱ መጽሐፍ የሆነውን ብቻ እንዲይዝ ይንገሩት። ቅድመ ሁኔታው ቀድሞ ስለሚጣራ፣ አንዱ ጫማ በዚያው ስም ቁጥር ያልሆነ ጽሑፍ ቢይዝ እንኳ ኢንዴክሱ አይሰናከልም። ሠንጠረዡ ሥራ ላይ ከሆነ ኮንከረንትሊ (CONCURRENTLY) የሚለውን ይጨምሩ፤ ያለዚያ ኢንዴክሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ መመዝገብ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ኩዌሪው ውስጥም ዓይነቱ መጽሐፍ መሆኑ መጻፍ አለበት። ገጽ ያለው መጽሐፍ ብቻ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ ዳታቤዙ ግን በምን ይወቀው? «ከ500 ገጽ በላይ» ብቻ ካሉት ኢንዴክሱን ትቶ ሠንጠረዡን ሙሉ ያስሳል። ዓይነቱን በፓራሜትር (ከኩዌሪው ተለይቶ በሚላክ እሴት) ከላኩትም የዳታቤዙ የፍለጋ እቅድ እሴቱ ሳይታወቅ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ኢንዴክሱ አይመረጥም። ስለዚህ ዓይነቱን እዚያው በቀጥታ ይጻፉት። ገጹን የሚያወጣው አገላለጽም ኢንዴክሱ ላይ እንዳለው ይሁን።

ከዚያ በኤክስፕሌይን (EXPLAIN፣ የፍለጋ እቅዱን የሚያሳይ ትእዛዝ) ይፈትሹ። የኢንዴክሱ ስም ከወጣ ተሳክቷል። ሠንጠረዡ ትንሽ ከሆነ ግን ባይወጣም አይደንግጡ፤ ጥቂት ረድፍ ሁሉንም ማንበብ ይቀላል።

እኔ በጣም የምወደው ዩኒክ (UNIQUE፣ እሴት እንዳይደገም የሚከለክል) የሆነውን ከፊል ኢንዴክስ ነው። የስልኮች አይኤምኢአይ (የእያንዳንዱ ስልክ መለያ ቁጥር) እንዳይደገም ዓይነቱ ስልክ በሆነው ላይ ብቻ ዩኒክ ኢንዴክስ ይሥሩ። መጽሐፎቹና ጫማዎቹ ደንቡ አይነካቸውም።