የድሮ የሽቶ ብልቃጥ ስትገዙ መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ

የድሮ የሽቶ ብልቃጥ እጃችሁ ሲገባ ቶሎ ብላችሁ ጌጡን አትዩ። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ። ሽቶ የሚተን ነገር ነው፤ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ጥቅም የለውም። ስለዚህ የድሮ ሠሪ ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ለዕቃው አፍ ነበር። አስመስሎ የሚሠራ ሰው ግን የሚለፋው ለዕቃው ሆድ ነው። ገዢ የሚያየው እሱን ስለሆነ።

ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንጥረኛ ነበር። ጠገራ ብር እያቀለጠ ድሪና መስቀል ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የምሰበስበው ደግሞ ሽቶና ኩል ይያዝባቸው የነበሩ ትንንሽ ዕቃዎችን ነው፤ ከብር፣ ከቀንድ፣ ከክሪስታል የተሠሩትን።

ጎጃም ለሽቶ እንግዳ አገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ካለው እናርያ የሚመጣው ዝባድ፣ ከጥርኝ የሚወጣው ሽቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይገባ ነበር፤ ዛሬ የጁቤ ያለችበት አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል። የአውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች ዝባድን የሚፈልጉት የሌላውን ሽታ ይዞ ስለሚያቆይላቸው ነበር። የሚጓጓዘው በከብት ቀንድ ነው። እንዲህ ያለ ቀንድ ካገኛችሁ በምንም ዓይነት ውስጡን እንዳታጥቡ። ግድግዳው ላይ የደረቀው ቡናማ ነገር ዝባዱ ነው። እሱ ከታጠበ በእጃችሁ የሚቀረው ተራ ቀንድ ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ፤ እዚህ አገር ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። የድሮ አንጥረኞቻችን ብር የሚያገኙት ከጠገራ ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ዓመቱን አይታችሁ ዕድሜ አትቁጠሩ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። "የቅድመ አያቴ ነው" የተባለ የአገር ቤት ዕቃ ላይ 925 የሚል ቁጥር (ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ማለት ነው) ተመትቶ ካያችሁ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው ብላችሁ ያዙት።

ዕድሜን የሚናገረው መበላቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ከአንዲት እናት የገዛሁት አንድ ዕቃ አለኝ። የጣት ርዝመት ያለው የብር ቱቦ ነው፤ ክዳኑ እንዳይጠፋ በቀጭን ሰንሰለት ታስሯል።

"እማማ፣ የማን ነበር?" አልኳቸው።

"የእናቴ ነው ልጄ። ጥጥ ዝባድ ታስነካና እዚህ ውስጥ ትወትፈዋለች። ለሰርግ፣ ለጥምቀት አንገቷ ላይ ነው የሚውለው።"

በማጉያ መነጽር አየሁት። ማንጠልጠያ ቀለበቱ ከላይ፣ ክሩ በሚያርፍበት በኩል፣ ተበልቶ ተበልቶ ክር አክሏል። ከታች ግን እንደ ወፈረ ነው። የፊቱ ጌጥ ዛሬም ይቆጠራል፤ የጀርባው ጌጥ ግን ልብስ እየፈተገው ጠፍቶ ልሙጥ ሆኗል። ክዳኑን ስዘጋው ግማሽ ዙር ላይ ጠበቅ አለ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ይህን ሰው አስመስሎ አይሠራውም። የጠየቁኝን ሰጠኋቸው፣ ያሉኝንም እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የዕቃው ግማሽ ዋጋ ያ ወሬ ነው። ያለ ባለቤት ታሪክ የመጣ ብር በሚዛን ከመሸጥ አያልፍም።

አሁን ከዚህ ጋር ያረጀ የሚመስለውን አዲስ ዕቃ አነጻጽሩ። ጥቁረቱ እኩል ነው። እጅ የሚነካው ቦታም፣ ጉድጓዱም አንድ ዓይነት ጠቁሯል። ቀለበቱ ዙሪያውን ውፍረቱ እኩል ነው። በነጭ ጥጥ ስትወለውሉት ጥቁሩ ይለቅና ጥጡ የጫማ ቀለም ይሸታል። እውነተኛ ብር ሲያረጅ የሚጠቁረው በጌጡ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ሰው እየዳሰሰው ይነጣል።

ብር መሆኑን ለማረጋገጥ ማግኔት ብቻ አይበቃም። ማግኔት ብረትን ያጋልጣል እንጂ ነሐስንና የኒኬል ቅይጥን አያጋልጥም። እኔ የምጠቀመው የአባቴን ዘዴ ነው። ዕቃውን በትንሽ ሚዛን መዝኑ። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ንባቡን ዜሮ አድርጉ። ዕቃውን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አስገቡት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙና የመጀመሪያውን ክብደት ለእሱ አካፍሉት። 10 ወይም ከዚያ ትንሽ አለፍ ካለ ብር ነው። 8 ከምናምን ከሆነ ነሐስ ወይም የኒኬል ቅይጥ ነው። ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ ውስጡ አየር ከቀረ ስሌቱ ይበላሻል። ውስጡ ዝባድ፣ ጥጥ ወይም ኩል ያለበትን ግን ውኃ አታስነኩት። ብሩን ልፈትሽ ብሎ ሞረድና አሲድ ይዞ የሚመጣ ነጋዴን ደግሞ ዕቃችሁን አታስይዙት። አንድ ጭረት የስንት ዓመት ገላ ያበላሻል።

የኩል ዕቃን ከሽቶ ዕቃ መለየት ቀላል ነው። ከኩሉ ክዳን ጋር መኳያ ተያይዞ ይወርዳል፣ ጫፉም ጥቁር ነው። ያንን ጥቁር ዱቄት ዓይናችሁን እንዳትኳሉበት፤ የድሮ ኩል እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በክዳኑ ላይ ትንሽ ማንኪያ ካለ ደግሞ ነገሩ የቻይና የሱረት ጠርሙስ ነው። እንደ ጄድና አጌት ካሉ የጌጥ ድንጋዮችም ይሠራል፤ ብዙ ነጋዴ የሽቶ ነው ብሎ ይሸጠዋል።

የውጭ አገር ብልቃጥ አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ ይመጣልኛል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ሽቶ የሚሸጠው በተራ የመድኃኒት ጠርሙስ ነበር። ባለጸጋዋ ሴት ቤቷ ወስዳ በራሷ የብር፣ የወርቅ ወይም የክሪስታል ብልቃጥ ትገለብጠዋለች። ባማረ ጠርሙስ ሞልቶ መሸጥ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ፈረንሳዊው የብርጭቆ ጥበበኛ ላሊክ ለሽቶ ሠሪው ለኮቲ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ነው። እዚህም ነገሩ ክዳን ላይ ነው። በቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩት ባለ ሁለት አፍ የእንግሊዝ ብልቃጦች በአንዱ በኩል ሽቶ፣ በሌላው በኩል ራስ ለሚያዞረው የሚሸተት ጨው ይይዙ ነበር። የብሩን ክዳን ስትከፍቱ ከሥሩ ትንሽ የብርጭቆ ውታፍ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፤ ከሌለ ዋጋውን አስቀንሱ። የባካራ፣ የታወቀው የፈረንሳይ ፋብሪካ፣ ክሪስታል ከሆነ ውታፉ ላይና ጠርሙሱ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጭሮ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ውታፉ የሌላ ጠርሙስ ነው። የእንግሊዝ ብር የሚራመድ አንበሳ ምልክት አለው፤ መልሕቅ ካለው በርሚንግሃም ተመርምሮ ያለፈ ነው። ከ1838 ወዲህ የተመታ የፈረንሳይ ብር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚኔርቫ፣ የሮማውያን ሴት አምላክ፣ ጭንቅላት አለው። የዝሆን ጥርስ ያለበትን አትግዙ፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከተከለከለ ቆይቷል።

ውታፉ ተጣብቆ እምቢ ካለ በጉጠት አትታገሉት። አንገቱ ዙሪያ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠምጥሙና ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ። ብሩን ደግሞ መስታወት እስኪሆን አትወልውሉት፤ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። በጋዜጣ አትጠቅልሉት፣ በጎማ ላስቲክ አትሰሩት፤ ጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል። እንደ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብራችሁ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ላይ ድርድር የለኝም። ንዋየ ቅድሳት አይገዛም። የጣና ገዳማትም ሆኑ እንደ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉት ዕቃ ቤታቸው በትውልድ የተጠበቀ ነው። የቅብዓት ብልቃጥ፣ ጽና፣ የመስቀል ስባሪ ይዞ በሹክሹክታ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ዋጋም አትጠይቁት። ስንት ነው ማለት ራሱ ገበያ መክፈት ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ "አንዱን ላኪልኝ" ሲል ደግሞ ዝም ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት አይቻልም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። መጀመሪያ ዕቃውን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩ። ከማን እንደገዛችሁ የጻፋችሁትንና ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ።