ከነጋዴ የሚገዛ ያገለገለ ሃይፋይ፦ ዋጋውን ራሳችሁ አስሉት

የ1970ዎቹ ማራንትዝ ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ላይ) አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ 900 ዶላር ተለጥፎበት ተቀምጧል እንበል። ያው ሞዴል ኢንተርኔት ላይ በ480ም በ1,050ም ይገኛል። ሦስቱም ዋጋ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የሚለያያቸው ዕቃው ላይ ምን ሥራ ተሠራ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ፣ ነገ ቢበላሽ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ነጋዴ ከግለሰብ አስበልጦ መሸጡ ነውር የለበትም፤ የሱቅ ኪራይ ይከፍላል፣ ይፈትሻል፣ ተበላሽቶ ሲመለስለት ይቀበላል። ያልሠራውን ሥራ ሲያስከፍል ግን ገንዘባችሁ በከንቱ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን ሒሳብ መሥራት አለባችሁ።

መነሻው የተሸጠበት ዋጋ ነው

ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ የሻጩ ፍላጎት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ገዢ ተገኝቶለት ገንዘብ የተከፈለበትን ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። ሃይፋይ ሻርክ የሚባለው ድረ ገጽ የብዙ ገበያዎችን የቆዩ ማስታወቂያዎች ሰብስቦ ስለሚያሳይ የዋጋውን አካሄድ ለማየት ይጠቅማል፤ እዚያ የምታዩት ግን በአብዛኛው የተጠየቀውን ዋጋ ስለሆነ ለመነሻ አይሆንም።

የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል አጣሩ። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የሸክላ ማጫወቻ ሲባል በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውም፣ በ1979 የወጣው ማርክ 2ም፣ በ2016 እንደገና የተመለሰው «ጂ» ሞዴልም ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ማራንትዝ ላይ ደግሞ የእንጨት መያዣው ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ዕቃ ነበር። አንዱ ሪሲቨር መያዣ ያለው፣ ሌላው የሌለው ሆኖ ሳለ ዋጋቸውን ማወዳደር ያሳስታል።

ቢያንስ አምስት ሽያጭ ፈልጉ። ለመለዋወጫ ተብሎ የተሸጠውንና ሙሉ ጥገና የተደረገለትን ለዩ፤ ከቀሩት መካከለኛውን ውሰዱ። ባለፉት ሦስት ወራት 480፣ 520፣ 550፣ 610 እና 1,050 ዶላር ተሸጧል እንበል። ባለ 1,050ው ሙሉ ጥገና ያለፈበት ስለሆነ ወደ ጎን ይቀመጥ። የአራቱ መካከለኛ 535 ነው። ከሩቅ ቢመጣ የምትከፍሉትን ማጓጓዣ፣ 60 ዶላር ብለን እንያዝ፣ ጨምሩበት፤ የእነዚህ ሪሲቨሮች ክብደት ቀላል አይደለም፣ ፓየኒር ኤስኤክስ-1250 ብቻውን ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል። ነጋዴው የ90 ቀን ዋስትና ከሰጠ ለዋስትናውና ለፍተሻው ከ15 እስከ 20 በመቶ መጨመር ተገቢ ነው ብለን እናምናለን፤ ዋስትና ከሌለ ግን ጭማሪ የለም። 535 ሲደመር 60፣ ሲደመር 107 (የ535 20 በመቶ)፣ ወደ 700 ዶላር ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ 900 ለመድረስ የቀረው 200 ዶላር የምን ዋጋ ነው?

«ሰርቪስ ተደርጎለታል» ሲሏችሁ

ይህች አንዲት ቃል ዋጋውን ታስወድዳለች፤ ትርጉሟ ግን ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። አንዱ ጋ ቁልፎቹን በስፕሬይ ማጽዳት ማለት ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ። ሌላው ጋ ደግሞ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ፣ በዕድሜ የሚደክሙ ክፍሎች) በሙሉ መለወጥ፣ ሪሌውን (ስፒከሩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) መተካት፣ ባያስና ኦፍሴት (የትራንዚስተሮቹን የእረፍት ጅረትና ወደ ስፒከሩ የሚያመልጠውን ዲሲ፣ ማለትም ቀጥታ ጅረት) ማስተካከል ማለት ነው፣ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ። የትኞቹ ክፍሎች ተለወጡ፣ ማን ሠራው፣ ከማስተካከሉ በኋላ የተለካው ቁጥር ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን በእርግጥ ያሠራ ነጋዴ የቴክኒሺያኑን ወረቀትና የውስጡን ፎቶ ያሳያችኋል።

ክዳኑ እንዲከፈትላችሁ ለምኑ፤ የዕቃው ገመድ ተነቅሎ፣ እጃችሁን ሳታስገቡ፣ በስልክ መብራት ብቻ እዩ። አዲስ ካፓሲተሮች ከአሮጌዎቹ በቀለምና በመጠን ይለያሉ፤ ያው አቅም ያለው አዲሱ በአብዛኛው ያንሳል። ሁለቱ ትላልቆች ብቻ ተለውጠው ትንንሾቹ የፋብሪካ ከሆኑ «ሙሉ ጥገና» ማለት አይቻልም። በክፍሎቹ ሥር እንደ ቡና ዝቃጭ የጠቆረ ሙጫ ካያችሁ ቆም በሉ። ፋብሪካው ካፓሲተሩን ለማጣበቅ ያፈሰሰው ይህ ሙጫ መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ በእርጅናና በሙቀት ሲጠቁር ኤሌክትሪክ ማሳለፍና የክፍሎቹን እግር መብላት ይጀምራል። እየፋቁ ማንሳቱ አድካሚ ስለሆነ ብዙዎች ይዘሉታል።

ሙሉው ሥራ በወረቀት ከተረጋገጠ 200 ዶላሩ ተገቢ ነው፣ እንዲያውም ርካሽ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተሠራ ቁጠሩት።

ሱቅ ውስጥ ቢያንስ 40 ደቂቃ

ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ)፣ የጆሮ ማዳመጫና በደንብ የምታውቁትን ሙዚቃ ይዛችሁ ሂዱ። ከእናንተ በፊት ዕቃው እንዳይበራ በስልክ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አንዳንዱ ችግር ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ ብቻ ይታያል። ሁለቱንም ማየት አለባችሁ።

አምፕሊፋየሩ ሲበራ መከላከያ ሪሌ ካለው ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ጠቅ ይላል። ካላለ ወይም ደጋግሞ ጠቅ ጠቅ ካለ ውስጡ ችግር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ቮልዩሙን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። በዜሮ ቮልዩም የማይቀንስ ወፍራም ጉምጉምታ ከተሰማ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ መድከማቸውን ጠርጥሩ። ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አዙሩ። ኮሽ ኮሽ ብሎ ከጥቂት መዞር በኋላ የሚጠፋ ድምፅ አቧራ ነው፣ ለእሱ ዋጋ አታስቀንሱ። በዝቅተኛ ቮልዩም አንዱ ጎን እየጠፋ ከፍ ሲደረግ የሚመለስ ከሆነ ግን በአብዛኛው የሪሌው መገናኛ ዝጓል፤ ሪሌው መለወጥ አለበት።

ከሁሉም የሚበልጠው ልኬት ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ዕቃው 20 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ፣ ስፒከሮቹን ንቀሉ፣ ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ በስፒከር መውጫው ፕላስና ማይነስ ላይ አንብቡ። የቴስተሩ ጫፎች እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ግን ወይ ማስተካከያው ተዛብቷል ወይ ትራንዚስተር ደክሟል፤ ይህ ዲሲ ወደ ስፒከሩ ገብቶ ኮኑን (ድምፅ የሚያወጣውን ሾጣጣ) ከቦታው ይገፋዋል፣ ሲብስ ኮኑን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅልል ያቃጥላል። የግራውንም የቀኙንም ቁጥር ጻፉ።

ስፒከር ከሆነ የምትገዙት፣ መጀመሪያ የፊት መሸፈኛውን አውልቁ። የዎፈሩን (የትልቁን፣ የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ጠርዝ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩ። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ዕድሜው ረጅም ነው። ፎም ከሆነ ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ እንደ እርጥብ ጥቀርሻ ጣታችሁ ላይ ከተለጠፈ ጊዜው አልፏል፣ በዚያው ቀን ደህና ቢጫወትም። ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች ከሁለቱም ጎን እኩል ወደ ውስጥ ግፉት፤ ፍርክርክ የሚል ድምፅ ካለ ጥቅልሉ ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው። ትዊተሩን (ትንሹን፣ የቀጭን ድምፅ ስፒከር) በፍጹም አትንኩ። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ በቴስተር ኦም ስትለኩ ባለ 8 ኦም ስፒከር ብዙውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል፤ ዋናው ነገር ግራና ቀኙ መመሳሰሉ ነው። አንዱ ዎፈር በሌላ ዓይነት ተተክቶ ከሆነ እንደ ጥንድ ዋጋ አይከፈልበትም።

የሸክላ ማጫወቻ ላይ ብዙ ሰው የሚታለለው በመርፌው ነው። «ከካርትሪጁ (መርፌውን ከሚይዘው ክፍል) ጋር» ተብሎ 100 ዶላር ይጨመራል፤ መርፌ ግን ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት አገልግሎ የሚጣል ነገር ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ደግሞ ማንም አያውቅም። አዲስ ካልሆነ ዋጋው ዜሮ ነው በሉና የአዲስ መርፌ ገንዘብ በጎን ያዙ። ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይቆርጣል። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ያሉት ሰው ምትክ እንደማያገኝላቸው ያውቃል፤ እነሱን ለሙከራ ሱቅ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ባለ አንድ ዶላር ሸክላ ይበቃል። በ33ም በ45ም ሞክሩ። ቴክኒክስ ማርክ 2 ከሆነ የፍጥነት ማስተካከያው ዜሮ ላይ ሆኖ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉት ትልልቆቹ ነጠብጣቦች በቀዩ መብራት ፊት ቆመው መታየት አለባቸው። የክንዱን ጫፍ በቀስታ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ በሉት፤ ከመሠረቱ የሚላወስ ከሆነ መያዣው ላልቷል፣ ጥገናውም ውድ ነው። ባለ ቺንጊያ ማጫወቻ ከሆነ የቺንጊያው ማርጀት ግን አያስጨንቃችሁ፣ በጥቂት ዶላር ይለወጣል።

የካሴት ማጫወቻ ላይ ያው ቺንጊያ ሌላ ታሪክ ነው፤ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ስለሚጣበቅ ለመለወጥ መላ አካሉ ይፈታል፣ የሚከፈለውም ለጉልበት ነው። ሲዲ ማጫወቻ ላይ ሌዘሩን ፈትሹ፤ መለዋወጫው የማይገኝለት ሞዴል ከሆነ በብዙ ገንዘብ አትግዙ።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ

እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት በ60 ሄርዝ ነው፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በ50 ሄርዝ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ደግሞ 100 ቮልት ስለሆነ አሜሪካ ውስጥም በቀጥታ ሲሰካ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የቮልት መምረጫ ካለው ይቀልላል። ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ግዴታ ነው፤ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ የሚችል ይሁን፣ ዋጋውንና የካርጎ ክብደቱን ደግሞ ከሒሳባችሁ ቀንሱ።

ትራንስፎርመር ግን ሄርዝ አይለውጥም። እንደ ቶረንስ ቲዲ 160 ባለ ሲንክሮነስ ሞተር የሆነ የሸክላ ማጫወቻ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሄርዝ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲሰካ 33⅓ መሆን የነበረበት ወደ 27.8 ይወርዳል፣ ዘፋኙ ሁሉ ወፍራም ድምፅ ይኖረዋል። ለ50 ሄርዝ የሚሆን ፑሊ (ሞተሩ ላይ ያለው፣ ቺንጊያው የሚዞርበት መዘውር) የሚገኝለት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ኳርትዝ ዳይሬክት ድራይቭ የሆነው (ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቺንጊያ የሚያዞር፣ ፍጥነቱንም በኳርትዝ የሚቆጣጠር) ይህ ችግር የለበትም፣ ቮልቱ ብቻ ይስተካከልለት።

ድርድርና ደረሰኝ

ዕቃውን እያጣጣላችሁ አትከራከሩ፤ ሻጩ ይኮርፋል እንጂ አይቀንስም። ያገኛችሁትን ችግር አሳዩት፣ ለእያንዳንዱ የጥገና ዋጋ ጥሩለት። ለዚህ እንዲረዳችሁ አስቀድማችሁ ለአንድ ገለልተኛ ቴክኒሺያን ደውላችሁ የሪሌ መለወጫ፣ የፎም መለወጫና የሙሉ ጥገና ዋጋ ጠይቁ። በምሳሌያችን የጥገና ወረቀት አልተገኘም፣ ሪሌው ደግሞ 80 ዶላር ያስወጣል እንበል። 700 ሲቀነስ 80፣ 620 ነው። 580 ብላችሁ ጀምሩ፣ ከ620 አትለፉ። ሻጩ ሪሌውን ራሱ ለውጦ አሥር ቀን ቆይታችሁ እንድትወስዱ ቢስማማ 700 መክፈል ያዋጣችኋል፤ ቀብድ ከሰጣችሁ ግን ምን እንደሚለወጥ በጽሑፍ ይሁን። አሮጌውን ዕቃችሁን በልዋጭ መስጠት ቀላል ቢመስልም ነጋዴው መልሶ ሲሸጠው የሚያገኘውን ትርፍ ቀንሶ ስለሚገምተው ለብቻው ብትሸጡት ይሻላል።

ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ የዋስትናው ቀንና የእጅ ዋጋ ይሸፈን አይሸፈን መጻፍ አለበት። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች «ባለበት ሁኔታ» ብሎ ያለ ዋስትና መሸጥ ይቻላል፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ግን ይህን ይገድባሉ። በእንግሊዝ በ2015 የወጣው የሸማቾች ሕግ ከነጋዴ የተገዛ ያገለገለ ዕቃንም ስለሚሸፍን፣ እንከን ከተገኘበት በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ጥቂት ይቀነስላችሁ ይሆናል፤ ክርክር ቢነሳ ግን በካርድ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለሻ መንገድ አለው።

ቤት ከገባ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት አጫውቱት፣ ዋስትናው በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አይለቅ። በአሥራ አራተኛው ቀን ያንኑ ሚሊቮልት ለኩና ሱቅ ውስጥ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ በዚያው ሳምንት ደረሰኙን ይዛችሁ ተመለሱ።