የዴይኬር ወጪ፦ «ግማሽ በግማሽ» ሁልጊዜ እኩል አይደለም

እናንተ ተለያይታችኋል፤ የልጁ ማቆያ (ዴይኬር) ሂሳብ ግን በየወሩ መምጣቱን አላቆመም። «በቃ ግማሽ በግማሽ እንካፈል» ማለት ይቀላል፣ ጭቅጭቅ የሚያስቀርም ይመስላል። እኔም እንደዛ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን የልጄ አባት ሳይሰማው የሚከፍለው ግማሽ የኔን ደሞዝ አራቁቶት ነበር።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ፍርድ ቤት የወሰነው ቀለብ ካለ፣ የማቆያው ወይም የሞግዚቷ ክፍያ እዚያ ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ነው? ውሳኔውን አውጥታችሁ አንብቡት። ተካቶ ከሆነ አንዱ ወገን ሁለቴ እየከፈለ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ፍርድ ቤት የወሰነውን በቃል ስምምነት ብቻ አትቀይሩት፤ ነገ ሲጣሉ «መቼ ተስማማሁ?» ይመጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ፤ ሐሳቡ እንደየገቢያችሁ መጠን መካፈል ነው። የእያንዳንዳችሁን የተጣራ ገቢ (ግብር ከተቆረጠ በኋላ እጃችሁ የሚገባውን) ደምሩ። አንዱ 30 ሺህ፣ ሌላው 20 ሺህ ቢያገኝ ድምሩ 50 ሺህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ድርሻ 60 በመቶ፣ የሁለተኛው 40 በመቶ ይሆናል። ዴይኬሩ 8 ሺህ ከሆነ አንዱ 4,800፣ ሌላው 3,200 ይከፍላል። ሁለቱም ከገቢያቸው 16 በመቶ አወጡ ማለት ነው። ግማሽ በግማሽ ቢሆን ኖሮ ግን 20 ሺህ የሚያገኘው ሰው 20 በመቶ፣ ሌላው 13 በመቶ ገደማ ነበር የሚያወጣው። ገቢያችሁ ተቀራራቢ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ግማሽ በግማሽ ይበቃል።

አንዳችሁ ገቢያችሁ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የሚሆን እኩል መጠን ከሁለታችሁም ገቢ ላይ ቀንሱና በቀረው አስሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከእያንዳንዳችሁ 10 ሺህ ቢቀነስ፣ የቀረው 20 ሺህና 10 ሺህ ነው፤ ድርሻውም ሁለት ሦስተኛና አንድ ሦስተኛ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚጣላው በወርሃዊው ክፍያ አይደለም። ትንንሾቹ ናቸው የሚያጣሉት። የመመዝገቢያ ክፍያው፣ ሰርቪሱ፣ ልጁ ታሞ ቤት ሲውልም የሚከፈለው ሙሉ ክፍያ፣ ማቆያው ሲዘጋ የምትፈልጓት ተተኪ ሞግዚት፣ ዘግይቶ ለመውሰድ የሚጠየቀው ቅጣት። ቅጣቱን ያረፈደው ይክፈል፣ ይሄ ክርክር የለውም። የቀሩት በዚያው በገቢ ድርሻችሁ (በመጀመሪያው ምሳሌ 60/40) ይሂዱ። አንዱ ብቻውን ወስኖ ወደ ውድ ማቆያ ሲያዛውር ግን ሌላው ልዩነቱን የመክፈል ግዴታ ሊኖርበት አይገባም፤ ከተስማማችሁበት መጠን በላይ የሆነ ወጪ ሁሉ ቀድሞ ይነገር።

ማንም የማይቆጥረው ደግሞ ጊዜ ነው። ልጁ ሲያተኩሰው ሥራ ጥሎ የሚሮጠው ሁሌም አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው በደረሰኝ የማይታይ ገንዘብ እያወጣ ነው፤ ፈቃዱ ያልቃል፣ ትርፍ ሰዓት ያመልጠዋል፣ አለቃው ፊቱን ያጠቁርበታል። ወይ የሕመም ቀኖቹን ተፈራረቁ፣ ወይ ያ ሰው ከድርሻው ጥቂት ይቀነስለት። አያት በነፃ የምትጠብቅ ከሆነም የእናንተ ወጪ ቀነሰ እንጂ ድካሟ አልቀረም፤ ቢያንስ ትራንስፖርቷን ሸፍኑ።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ አንዳችሁ ለማቆያው በቀጥታ ይክፈል፣ ሌላው ደግሞ የታወቀ ቀን ላይ ድርሻውን በባንክ ያስገባ። በእጅ መስጠት ይቅር። ማስረጃ የለውማ! ደረሰኙን በዚያው ቀን ፎቶ አንስቶ መላክ፣ ሁለታችሁም የምታዩት አንድ የጉግል ሺት (ኢንተርኔት ላይ ያለ ሠንጠረዥ) ላይ ቀኑን፣ የወጣበትን ነገርና መጠኑን መጻፍ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሞግዚት ስከፍል አንድም ነገር አልጻፍኩም፤ «ስንት አወጣሽ?» ስባል የምለው ጠፋኝ። ስምምነቱንም አንድ ገጽ ላይ አስፍራችሁ ፈርሙበት። በየስድስት ወሩ፣ ወይም አንዳችሁ ሥራ ስትቀይሩ ወይም ስታጡ፣ ቁጥሩን እንደገና አስሉት።

ክፍያ ሲዘገይ ልጁን መልእክተኛ አታድርጉት። «አባትህ ገና አልላከም» የሚለውን ልጁ ፊት አትናገሩ፣ «ካልከፈልሽ አታይውም» ማለትም አያዋጣም፤ ገንዘቡና ልጁን የማየት ጉዳይ ለየብቻ ናቸው። በመካከላችሁ ዱላ ወይም ማስፈራራት የነበረ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ መደራደር የሚባለውን እርሱት፣ በጠበቃ ወይም በፍርድ ቤት በኩል ይሁን።

ወሬውን መጀመር ከከበዳችሁ እንዲህ አይነት አጭር መልእክት ይበቃል፦ «የዴይኬሩን ወጪ እንደ ገቢያችን ብንካፈል ብዬ አስቤያለሁ። የሦስት ወሩን ደረሰኝ ልኬልሃለሁ። አይተኸው እስከ ቅዳሜ ሐሳብህን ጻፍልኝ።» ያለፈውን ዓመት ጉድ እዚህ መልእክት ውስጥ እንዳታስገቡ ብቻ።